ሉሁ ሳይታጠብ

«ልጅሽ ታነባለች ወይስ ስዕሉን ነው የምታስታውሰው?»

መምህር ታረቀኝ ይህን የጠየቀኝ ሐይቅ ከተማ፣ ልጄ ሀያ የምትማርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። በኮሮና ተዘግቶ የቆየው ትምህርት ቤት ገና መከፈቱ ነበር። ሀያ ያኔ ዕድሜዋ ስምንት ነበር፤ ሁለተኛ ክፍል ላስገባት ይዣት ሄጄ ነበር። እሱ ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ፣ ጠመኔውን በእጁ እንደያዘ ፊቴን እያየ መልስ ጠበቀ።

እኔ ራሴ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄ ታብሌቷን እያየች ጮክ ብላ ፊደል ስትጠራ ቤቱ ሁሉ «አነበበች» ይላል፤ እኔም አነበበች ብዬ አምናለሁ። ያልቆጠረውን ፊደል ሰው በምን ያጣራዋል? በማላውቀው ነገር መማል ከበደኝና፣ የአባቷ እህት ታውቃለች አልኩት።

«የጠየቅሁት እናቷን ነው» አለኝ። ደረቅ ሰው ነው። የፊደል ዘፈን ካላስጀመራት ፊደሉን እንደማትለይ፣ ከተራው አውጥቶ ሲጽፍባት ዝም ብላ ሰሌዳውን በጣቷ እንደነካካች ነገረኝ። እስኪ ቤት አጣሪና ተመለሽ ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። ሀያ ቀሚሴን ይዛ «እንሂድ፣ ታብሌቴ ቻርጅ ሞልቷል» ትላለች።

የአባቷ እህት ሰሚሃ ናት። ከባሌ ከኢስሃቅ ጋር ጅዳ ብዙ ዓመት ሠርታ በኮሮናው ሰሞን ተመለሰች፤ እሱ እዚያው ቀረ። የምንኖርበት ቤት የሁለቱ ላብ ነው። እኔ የገባሁበት በጋብቻ ነው፣ ሰሚሃም ይህን ማንም እንዲረሳው አትፈቅድም። ስትመጣ ለሀያ ሮዝ ላስቲክ የለበሰ ታብሌት አመጣችላት። ውስጡ የልጆች ትምህርት አለው። ሀያ በጣቷ ስትነካው ዶሮ ይወጣና ይጮኻል። ትክክል ከነካች ኮከብ ይዘንባል፤ ከተሳሳተች አይቆጣትም፣ ሌላ እስክትነካ ይጠብቃታል። ትምህርት ቤቱም ቁርአን ቤቱም ተዘግተው ስለነበር፣ ሰሚሃ ልጅሽ ከቤት ሳትወጣ ልትማር ነው ስትለኝ ደስ አለኝ። ጎረቤት ጠርቼ አሳይቻለሁ።

ደስታው ክረምቱን አልተሻገረም። ሀያ ድሮ ከእትዬ አሲያ ሱቅ ጨው፣ ክብሪትና ሻይ ቅጠል አምጪ ብዬ ስልካት፣ የእትዬ አሲያን ወሬ ጨምራ ታመጣልኝ ነበር፤ አንድ ነገር አይወድቅባትም። ከታብሌቱ በኋላ በሩ ላይ ትቆምና «ምን ነበር ያልሽኝ?» ትላለች። ደግሜ እነግራታለሁ፤ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ተረት ስጀምርላት መሃል ላይ ፊቴ ፊት እጇን ወደ ጎን ትወረውራለች። መጀመሪያ ዝንብ የምታባርር መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ ታብሌቱ ላይ የሰለቻትን እንደምታሳልፈው እኔንም ማሳለፏ ነው። ታብሌቱን ልቀበላት ስሞክር ትነክሰኛለች። ክንዴ ላይ የጥርሷ ምልክት ሳይጠፋ ሌላ ይጨመርበታል።

ለሰሚሃ ስነግራት ልጅ ሲያድግ ጠባዩ ይለወጣል፣ አንቺ ገጠር ስላደግሽ ነው አለችኝ። እኔ ያደግሁት አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነው። እሷ ያደገችው ከዚያ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው።

መምህር ታረቀኝ በጠየቀኝ ሳምንት የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። ቅዳሜና እሁድ እዚያው ትምህርት ቤት፣ የልጆቹ አግዳሚ ላይ ጉልበታችን ደረታችንን እየነካ ነበር የምንማረው። የሄድኩት ለራሴ ብዬ አይደለም። ልጄ ታነባለች ወይ ሲሉኝ አዎ ወይም የለም ማለት ስለፈለግሁ ነው።

ሰሚሃ ቅዳሜ ማታ ስመለስ በር ላይ ትጠብቀኛለች። «እንዴት ዋልሽ ተማሪ? የቤት ሥራሽን ልይልሽ?» ትላለች። ሰው ካለ ድምጿን ከፍ ታደርገዋለች። ሀያም ከእሷ ተማረች። አንድ ቀን ደብተሬን ዘርግቼ «ለ» የሚለውን ስጽፍ አየችኝና ሳቀች።

«እማ፣ ተሳስተሻል። ‹ለ› ቢጫ ናት።»

እጄ ቆመ። ሌላ ጻፍኩና ይችስ አልኳት። ምን ቀለም እንደሆነች ካልነገርኳት እንደማታውቃት ነገረችኝ። ከዚያ በአንድ ንጹሕ ወረቀት ላይ «በሬ» ብዬ ጻፍኩ። ያን ጊዜ ልጽፋቸው ከምችላቸው ጥቂት ቃላት አንዱ ነው። ታብሌቱ ላይ ብዙ ጊዜ «በሬ» ስትል ሰምቻታለሁ።

«ስዕሉስ?» አለችኝ።

«ስዕል የለውም።»

«እንግዲያው ምኑን ላንብብልሽ?»

ወረቀቱን ይዤ ሰሚሃ ዘንድ ሄድኩ። ልጅቷ ያልያዘችውን ይዛለች እያልን ነው፣ ታብሌቱን ለጊዜው እናስቀምጠውና ትምህርት ቤቷን ትከታተል አልኳት። ወረቀቱን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «እንደ ቁራ እግር የተጻፈ ጽሑፍ ሰጥተሽ ልጄን ትፈትኛለሽ?» አለችኝ። ልጄን አለች። ቤቱ የእሷ ነው፤ ወረቀቱን አጥፌ ወጣሁ።

መምህር ታረቀኝ ሁለተኛ ክፍል አስቀመጣት፤ ሰሚሃ ሄዳ ስለተጣላችው ነው። ዓመቱን ሙሉ ልጄ ኋላ ወንበር ተቀመጠች። ትምህርት ሲዘጋ የሰጡን ካርድ ላይ ያለውን ዝቅተኛ ውጤት እኔ አነበብኩት፣ ለማንም አላሳየሁም። ታብሌቱ ግን በዚያው ክረምት «ሁሉንም ጨርሰሻል» አላት። ዘውድ ወጣ፣ ጭብጨባ ተሰማ፣ ስሟ በወርቅ ቀለም ተጻፈ። ሰሚሃ ፎቶ አንስታ ጅዳ ላከችው። ኢስሃቅ ወዲያው ደወለ። «ሀያ አኸተመች በሉኛ!» አለ።

በእኛ ዘንድ ልጅ ቁርአንን ከዳር እስከ ዳር ሲጨርስ አኸተመ ይባላል። በግ ይታረዳል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ልጁ ነጭ ለብሶ ሸሁ ፊት ያሰማል፣ የኸትም ዱዓ ይደረግለታል። ኢስሃቅ ከልጅነቱ ያየው መጨረስ ይህ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት አልገባም፤ ከቁርአን ቤት ወደ እርሻ፣ ከእርሻ ወደ ዐረብ አገር ነው የሄደው። «ጨርሰሻል» የሚለው ጽሑፍ ለእሱ ኸትም ሆነበት። በግ ግዙ፣ ሸህ ኑርዬን ጥሩ፣ አገር ይስማ አለ። ሰሚሃም አላረመችውም። እሷ ናት ነጩን ቀሚስ ያሰፋችው።

ይቅር ብዬ ለመንኳት። ልጅቷ በሰው ፊት ምን ልታሰማ ነው አልኳት።

«ምቀኛ ጎረቤት አውቃለሁ» አለችኝ። «በልጇ የምትመቀኝ እናት ያየሁት አሁን ነው።»

ኢስሃቅ ዘንድ ብደውል እሷ ቀድማኝ ነግራዋለች። አንቺ ፊደል ስለቆጠርሽ ልጄ ደንቆሮ ሆነች ወይ ብሎ ዘጋብኝ። የቀረኝ ሸህ ኑርዬ ናቸው። ሀያን ከኮሮናው በፊት ሉህ ያስያዟት እሳቸው ናቸው። ሉህ ቁርአን ቤት ልጅ የሚማርበት እንጨት ነው። ልጁ የተጻፈለትን ይይዛል፤ ያዝኩ ሲል ሉሁን ይገለብጠዋል፣ ጀርባውን እያየ በቃሉ ያሰማል። ካሰማ ሉሁ ይታጠብና አዲስ ይጻፍለታል፤ ካላሰማ አይታጠብም። ሉሁ ያልታጠበ ልጅ ደግሞ ከአስተማሪው እጅ አይወጣም። አባቱ ቢመጣ እንኳ አስተማሪው ካልፈቀደ ይዞት አይሄድም። ይህን ከሐይቅ እስከ አምባሰል ደጋ የማያውቅ ሰው የለም።

ሸህ ኑርዬ መስጊዱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሰሙኝ። ሳያሰሟት ዱዓ አድርገው እንዲመለሱ ለመንኳቸው።

«ኸትም ብለው ጠርተውኛል፤ ለኸትም እሄዳለሁ» አሉኝ። «ሳታሰማ የኸትም ዱዓ አላደርግም።»

«ሕፃን ናት፣ ታፍርብኛለች።»

«ያልያዘችውን ይዛለች ያለ ነው ያሳፈራት። እኔን ምን አርግ ትዪኛለሽ?»

ቀኑ ደረሰ። ግቢው በሰው ሞላ። ሀያ ነጭ ለብሳ፣ እጇ ሂና ተቀብቶ፣ ታብሌቷን ታቅፋ መሃል ተቀመጠች። ሰሚሃ አስከፈተቻት። ዘፈኑ ተሰማ፣ ዶሮው ጮኸ፣ በሬው ወጣ፣ ሀያ እየነካች ጠራች፣ ኮከቡ ዘነበ። ሰው አጨበጨበ። ሴቶች እልል አሉ። ሰሚሃ በስልኳ ለኢስሃቅ በቀጥታ ታሳየው ነበር። እኔ ሳህን ይዤ ጓዳው በር ላይ ቆሜ፣ ምነው እዚህ ላይ በተበተነ እላለሁ።

ሸህ ኑርዬ ማሻአላህ አሉና ቀስ ብለው፣ «በይ ልጄ፣ አሁን ገልብጪውና አሰሚን» አሏት።

ሀያ ገለበጠችው። የታብሌቱን ሮዝ ጀርባ አየች። አፏን ከፈተች፣ ዘፈኑን ጀመረች፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጠፋባት። እንደገና ጀመረች፣ እዚያው ጠፋባት። ሸሁ የሚያግዟት መስሏቸው ከሰፌዱ አጠገብ የነበረውን የጨው ከረጢት አንስተው ትልልቁን ጽሑፍ አሳዩዋት፤ ይኼ ምን ይላል አሏት።

«ስዕሉ የታለ?» አለች ሀያ።

ጎረቤታችን ኸሚስ አፉ አያርፍም። «ስዕሉማ ወጥ ውስጥ ገባ» አለ። ሰው ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ግን ሳቁ ግቢውን ሞላው። ሀያ ታብሌቷን ልትገለብጥ ስትል የሸሁ እጅ ላዩ ላይ ነበር። ጎንበስ ብላ እጃቸውን ነከሰቻቸው።

ሳቁ ቀጥ አለ። እሳቸው አልጮኹም። እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠቀለሉና ዱዓ እናድርግ አሉ። «የኸትም አይደለም፤ የጀማሪ ዱዓ ነው» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ሰው እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። በጉ ተበላ። ማንም ሁለተኛ አልጨመረም።

ሸሁ ዘንድ ቀድሜ መሄዴን ሰሚሃ በዚያው ቀን ከአንዱ ሰማች። «አንቺ ነሽ ያዘጋጀሽው» አለችኝ። «ልጅሽን አሳልፈሽ ሰጠሻት፣ ትክክል ነበርኩ ለማለት።» የሄድኩበትን ምክንያት ብናገር አላመነችም። ኢስሃቅም ልጄን በአገር ፊት አዋረድሻት አለኝ። ከዚያ ወዲያ እኔና ሰሚሃ ከአንድ ሳህን አልበላንም። ሀያ ከሁለታችንም ሸሽታ ከታብሌቱ ጋር አልጋ ሥር ትገባ ጀመር።

በጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት በውጫሌ በኩል መጣ። መጀመሪያ በሩቁ ድምፁን ሰማነው፣ ከዚያ ከውጫሌ የሸሹ ሰዎች በከተማችን አልፈው ሲሄዱ አየን፣ ከዚያ እኛም ወጣን። ሰሚሃ ኮምቦልቻ ልትሄድ ነበር፤ መንገዱ ላይ መኪና ጠፋ። ከእኔ ጋር አርዲቦ፣ ወንድሜ ሀሚዱ ቤት ከመምጣት ሌላ ምርጫ አልነበራትም። እንግዲህ ተራው የእሷ ሆነ፤ የእኔ ወገን ቤት ውስጥ በእንግድነት ተቀመጠች። የሀሚዱ ሚስት ስታስተናግዳት «እንግዳዬ» እያለች ነው፤ ሰሚሃ ቃሉን በሰማች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። እኔም አላቃለልኩላትም።

መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም። ታብሌቱ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሀያ ጥቁሩን መስታወት በቀሚሷ እየጠረገች ትነካካዋለች። ከዚያ ግድግዳውን ትነካካ ጀመር፤ ጭቃ ግድግዳውን በጣቷ ወደ ጎን ታንሸራትተዋለች። እንቅልፍ የላትም፣ እህል አትቀምስም። የሀሚዱን ልጆች ትመታለች። ተኩስ ሲሰማ ሌሎቹ ልጆች ወደ እናታቸው ይሮጣሉ፤ የእኔዋ ታብሌቱን ታቅፋ ጥግ ትይዛለች። ሱስ የያዘው ትልቅ ሰው አይቻለሁ። በሕፃን ሳየው ግን ምን እንደምለው አላወቅሁም።

የሀሚዱ ቤት ጣሪያ ሥር የልጆቹ አሮጌ ሉህ ተሰቅሎ ነበር። ወንድሜን አስፈቅጄ አወረድኩት። ቁርአን ልጽፍበት አልችልም፣ አላውቅምም። ከድስት ሥር ጥላሸት ፍቄ፣ በውሃ በጥብጬ፣ በሸንበቆ ጫፍ ሀሁን ጻፍኩበት። የምችለው ያን ብቻ ነው። ሀያ ገና ስታየው ተቆጣች።

«‹ለ› ቢጫ ናት አልኩሽ!»

«እዚህ ሁሉም ጥቁር ነው» አልኳት። «ጥቁሩን ስትለዪው ቢጫውንም ትለዪዋለሽ።»

ሰሚሃ ከጦር ያመለጠች ልጅ በእንጨት ታሰቃያለሽ፣ አላህ ይይልሽ አለችኝ። ሀያም እየሰማች ነው። ልጅቷ በእርግጥ እያለቀሰች ነበር። ግን በየቀኑ አስቀመጥኳት። ሉሁን ወረወረችብኝ፣ ግንባሬን መታኝ፤ አንስቼ መልሼ ሰጠኋት። ትንሽ ስትይዝ አስገለበጥኳት። ስታሰማ አርዲቦ ዳር ወርጄ ሉሁን አጠብኩትና ቀጣዩን ጻፍኩ። ፊደሉ ሁሉ እስኪያልቅ አልጠበቅሁም፤ ትንሽ ትንሽ ፊደል ስንይዝ ቃል እጽፍላታለሁ። ስዕል የለውም፣ ዘፈን የለውም፣ ኮከብ የለውም። እኔም ጎበዝ የማለት ትዕግሥት አልነበረኝም፤ ከተራራው ማዶ ቤት ይቃጠላል፣ ጆሮዬ እዚያ ነው።

ፍቅር አልነበረበትም ብል አልዋሸሁም። «ካሰማሁሽ ትለቂኛለሽ?» ትለኛለች። እለቅሻለሁ እላለሁ። እየጠላችኝ ታሰማለች፣ እኔም እያዘንኩ አጥባለሁ። ሰሚሃ ጀርባዋን ሰጥታን ትቀመጣለች።

በኅዳር መጨረሻ መንገዱ ተከፈተና ወደ ሐይቅ ተመለስን። ቤታችን በሩ ተገንጥሏል፣ ዕቃው የለም፤ ግድግዳውና ጣሪያው ግን ቆሟል። በማግስቱ ሀያን ይዤ ትምህርት ቤቱን ለማየት ሄድኩ። አግዳሚዎቹ ለማገዶ ሄደዋል። ሰሌዳው ለሁለት ተሰንጥቋል። የክፍሉን ግድግዳ ታጣቂዎች በከሰል ጽፈውበታል፤ ስድብ አለበት፣ ስም አለበት፣ የማይነበብም አለ። መምህር ታረቀኝ ደጃፉ ላይ ቆሞ በመጥረጊያ ብርጭቆ ይሰበስባል። ከስቷል። ሰላምታ ተለዋውጠን፣ የሱም ቤት እንደተዘረፈ ነገረኝ።

ሀያ እጄን ለቀቀችና ግድግዳው ፊት ቆመች። አንገቷን አቀናች። ጣቷን አላነሳችም፤ በዓይኗ ብቻ ነው የሄደችው።

«እን... ዳት... መ... ለ... ሱ» አለች። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ፣ «እንዳትመለሱ።»

ዞራ ለማን ነው የተጻፈው አለችኝ። ለእኛ ነው አልኳት። በዓለም ላይ በራሷ ያነበበችው የመጀመሪያ ቃል ይኼ ሆነ። ስድብም ቢሆን ከዚህ ይሻል ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ልቤ ግን በደረቴ ውስጥ ይዘል ነበር፣ አፈርኩበት።

መምህር ታረቀኝ መጥረጊያውን ይዞ ቆሟል። የጠየቀኝን የረሳ አልመሰለኝም።

«ታነባለች» አልኩት።

«ሰማሁ» አለኝ። ቀጥሎም ትምህርት ሲጀመር አንደኛ ክፍል ነው የማስቀምጣት አለኝ። ገና ጥቂቱን ነው የያዘችው፣ ከሥር ትያዝ አለ። እሺ አልኩ።

ሰሚሃ እሺ ማለቴን ስትሰማ ቤቱ ተናወጠ። ሦስተኛ ክፍል የምትገባ ልጅ ከሕፃናት ጋር ልታስቀምጫት ነው ወይ አለች። በዚያው ሰሞን መብራት ተመለሰ። ታብሌቱን ቻርጅ ላይ የሰካችው እሷ ናት። ዶሮው ሲጮኽ ከጓዳ ሰማሁት። ስወጣ ሀያ አልጋው ላይ ተጎንብሳለች፤ ሉሁ፣ ግማሹ የተጻፈበት፣ ያልታጠበው፣ ወለሉ ላይ ተገልብጦ ወድቋል። ጥቂት ቀን አልፎ ጨው አምጪ ብዬ ስልካት በሩ ላይ ቆመች። «ምን ነበር ያልሽኝ?» አለችኝ።

ሰሚሃ ከዚያ በኋላ ቆረጠች። ሐይቅ ለእኔ አይሆንም፣ አዲስ አበባ ሱቅ እከፍታለሁ፣ ሀያንም ይዤ እሄዳለሁ አለች። እዚያ ልጁ ሁሉ በየራሱ ታብሌት የሚማርበት ትምህርት ቤት እንዳለ፣ ኢስሃቅም እንደተስማማ ነገረችኝ። ልጅቷ አንቺ ጋ ከቆየች በጥላሸት ታረጃለች አለችኝ። አትሄድም አልኳት። ሽማግሌ ይቀመጥ ተባለ።

ሸህ ኑርዬ፣ ወንድሜ ሀሚዱና ኸሚስ ሳሎን ተቀመጡ። የኢስሃቅ ስልክ ድምፁ ተለቅቆ መሃል ተቀመጠ። መጀመሪያ እሱ ተናገረ። የምለፋው ለልጄ ነው፣ ልጄ ከዘመኑ እንድትቀር አልፈልግም፣ እህቴ ዓለም ያየች ናት አለ። ሰሚሃ ቀጠለች፤ ሕፃን ልጅ በጦር መሃል በእንጨት መሠቃየቷን፣ ግንባሬ ላይ ያለው ጠባሳም ልጅቷ ምን ያህል እንደጠላችኝ ምስክር መሆኑን ተናገረች። የተናገረችው ሐሰት አልነበረበትም።

ሸሁ ሀያን አስጠሩዋት። ከማን ጋር መሆን እንደምትፈልግ ጠየቋት።

«ከአክስቴ ጋር» አለች፣ ወዲያው።

ሰሚሃ አየችኝ። ሸሁ ግን አልጨረሱም። ጠባሳው ያለበትን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አክስትሽ ታብሌቱን እዚህ ትታልሽ ብትሄድስ አሏት።

ሀያ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው እዚህ እቀራለሁ።»

የሰሚሃ ፊት ተቀየረ፤ ያን ፊት አውቀዋለሁ፣ ዓመት ከምናምን የለበስኩት የእኔ ፊት ነው። ለአንድ አፍታ ሁለታችንም አንድ ነገር አየን። ከዚያ እሷ ዓይኗን ሰበረች።

ተነሥቼ ጓዳ ገባሁና ሉሁን አምጥቼ ሸሁ ፊት አስቀመጥኩት። ጥላሸቱ እዚህም እዚያም ተነካክቷል፣ ግን ይነበባል።

«ይህ ሉህ የማን ነው?» አሉ።

«የሀያ።»

«ማን ጻፈላት?»

«እኔ።»

«አሰምታለች?»

«ይህን አላሰማችም። አልታጠበም።»

ሸሁ ሉሁን አንስተው አዩት። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፣ «ኢስሃቅ፣ አንተም በእኔ እጅ ሉህ ይዘሃል፤ ደንቡን ታውቀዋለህ» አሉት። «ሉሁ ያልታጠበ ልጅ የሚነሣው አስተማሪው ሲፈቅድ ነው። እኔ በዚህ ላይ ቃል የለኝም። አስተማሪዋ ትናገር።»

ሰሚሃ ሳቀች። «ይቺ ናት አስተማሪዋ? ስሟን መጻፍ ትናንት የተማረች?»

«ትናንት ነው» አልኳት። «አልፈቀድኩም። አትሄድም።»

ከስልኩ ትንፋሹ ይሰማል። «መስኡዳ» አለ ኢስሃቅ፣ «ልጅቷ ካልሄደች አንቺን ሚስቴ አልልም። ሰው ይስማ።»

ሀሚዱ ተይ የሚል ዓይን አሳየኝ። ከወንድሜ ደጃፍ ተመልሼ መግባት ምን ማለት እንደሆነ እሱም እኔም እናውቃለን። ሸሁ እንኳ ጊዜ ውሰጂ አሉኝ። ጊዜ ብወስድ የምፈራ መሰለኝ።

«ልጅቷ አትሄድም» አልኩ።

ስልኩ ተዘጋ።

ሰሚሃ በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ሄደች። ታብሌቱን ከሀያ እጅ ነጥቃ ነው የወሰደችው፤ ሀያ እስከ አስፋልቱ ድረስ የሰሚሃን ባጃጅ እየሮጠች ተከተለችው፣ እኔ ይዤ መለስኳት። የፍቺው ወረቀት ከጅዳ መጣ። ኢስሃቅ እዚያው ቀረ። እኔ ከቤቱ ወጥቼ ከእትዬ አሲያ ሱቅ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ልጄ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች፣ አታናግረኝም። ሉሁ በሩ ኋላ ተሰቅሏል፣ ገና አልታጠበም። ሰሚሃ፣ ታብሌቱና ትዳሬ ሄዱ፤ ሀያ ቀረች።